የአባባ ሀንስ መስኮት

ልጅ ሳለሁ፣ በሰፈራችን ክረምት ከበጋ መስኮቱ የማይዘጋ ቤት አንድ ብቻ ነበር፤ የአባባ ሀንስ ቤት። የሆሳዕና ከተማ የሐምሌ ብርድ አጥንት ሲሰብር፣ ሰው ሁሉ ቀዳዳውን በጨርቅ ሲወትፍ፣ እሳቸው ከሰል ሊያያይዙ ሲሉ መጀመሪያ መስኮቱን ወለል አድርገው ይከፍቱ ነበር። እናቴ በአጥሩ በኩል አይታ «ጉድ እኮ ነው! እኚህ ሰውዬ አንድ ቀን ንፋስ መቷቸው ክልትው ይላሉ» ትላለች።

አባባ ሀንስ ጀርመናዊ ነበሩ። በጎረምሳነታቸው የወፍጮ ሞተር ሊተክሉ መጥተው፣ የጃጁራዋን ወይዘሮ አበበችን አግብተው፣ አራት ልጆች አሳድገው፣ ሚስታቸውንም እዚሁ ቀብረው የቀሩ ሰው። አማርኛቸው የሀዲያ ቃና ነበረው። ከጎጃም ተመድቦ የመጣው መምህሩ አባቴ «ከኔ ይልቅ እሳቸው ናቸው ያገር ልጅ» እያለ ይስቅ ነበር።

ያኔ መብራት አንድ ቀን መጥቶ ሦስት ቀን ይጠፋ ነበርና፣ አመሻሽ ላይ እኛን የሰፈር ልጆች ማንደጃቸው ዙሪያ ሰብስበው፣ ፋኖሱን አጠገባቸው አድርገው ተረት ይነግሩናል። ጦጣና ጅብ የለበትም። ደጋግመው የሚነግሩን አንዱን ነበር።

«እንግዳ መጣ» ይላሉ፣ ፍሙን በብረት እየቆሰቆሱ። «በር አያንኳኳም። ሽታ የለው፣ ድምፅ የለው። ቤት ተዘግቶ ፍም ሲያይ ይገባል። መጀመሪያ ግንባርሽን ይይዝሻል፤ ቀጥሎ ጉልበትሽን ይወስዳል፤ ከዚያ እሹሩሩ ይልሻል። ሲወጣ ብቻውን አይወጣም።»

ይሄኔ ሁላችንም ጥርሳችን እየተንገጫገጨ ወደ ክፍቱ መስኮት እንጠጋለን። በፍርሃት አልቄ ወደ ቤቴ እሮጣለሁ፤ በማግስቱ ደግሞ የመጀመሪያዋ መጪ እኔ ነኝ።

የመጨረሻ ልጃቸው ማርታ እዚያው አባቷ ቤት ወንድ ልጅ ወለደች። እናቷ በሕይወት ስለሌሉ አራሷን የምትጠብቀው እናቴ ሆነች። አራስ ደግሞ ንፋስ ከመታት አለቀላት፤ ይህን የማያውቅ ሴት የለም። አባባ ሀንስ መስኮቱ ይከፈት ሲሉ እናቴ ይዘጋ ስትል አሥር ቀን ተነታረኩ። «አባባ፣ የአራስን ነገር ለሴት ይተዉት» ብትላቸውም አልሰሟትም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ቦኖሻ ከተማ ወፍጮ ተሰብሮ አባባ ሀንስ ተጠሩ። ሲወጡ «አደራሽን፣ መስኮቱን» አሏት።

«አደራ» አለች እናቴ።

የተሳፈሩበት ሚኒባስ ሳይርቅ ዘጋችው። ነጠላዋን አጣጥፋም ስንጥቁ ላይ ወተፈችበት። ለክፋት አልነበረም፤ ማርታን እንደ ልጇ ነበር የምትወዳት። ያን ዕለት ከጠዋት ጀምሮ ያለማቋረጥ ይዘንብ ነበር። ከሰሉን አቀጣጥላ አልጋው ግርጌ አስቀመጠችና፣ ቡላውን በቅቤና በወተት አማስላ ለአራሷ አተካና ልትሠራ ጓሮ ወዳለው ማድ ቤት ሄደች። እኔን «ነቅታ እንደሆነ እይ» ብላ ላከችኝ።

ገባሁ። ጨለም ብሏል፤ የሚታየው ቀዩ ፍም ብቻ ነው። ማርታ ተኝታለች፣ ሕፃኑም ጡቷ ሥር። ሙቀቱ ደስ ይል ነበር። ጥቂት እንደቆምኩ ግንባሬን ያዘኝ። ቀጥሎ ጉልበቴ ከዳኝ። ያኔ ገባኝ፤ እየተንገዳገድኩ ወጣሁ።

«እማዬ፣ እንግዳው ገብቷል! መስኮቱን እንክፈተው!»

«የምን እንግዳ? ወይ ጉዴ! ይቺ ልጅ በተረት አበደች! አራሷ ትተኛበት፤ ይልቅ ነይ ወተቱን ያዢልኝ።»

ልጅ ከትልቅ ሰው ጋር አፍ አይካፈትም፤ እንደዚያ ነው ያደግነው። ወተቱን ያዝኩላት። ወደ ቤቱ ስመለከት ፈሰሰብኝ፤ ለእሱም ተቆጣችኝ።

አባባ ሀንስ ጭቃው መኪናውን አላሳልፍ ብሎት ከመንገድ ተመለሱ። ከደጅ መስኮቱ መዘጋቱን አዩ። መስታወቱን በክርናቸው ሰበሩት፤ ገብተው ማርታን ከነልጇ ጎትተው ዝናብ ላይ አወጧት። ማርታ አሳላት፣ አቃሰተች፣ ነፍስ ዘራች። ሕፃኑ አልተነፈሰም።

እናቴ ደረቷን እየደቃች «ገደልኩት! እኔው ገደልኩት!» ትላለች። እሳቸው ክርናቸው እየደማ ሕፃኑን ታቅፈው ጭቃው ላይ ተቀመጡ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «እዚያ አገር፣ በጦርነቱ ማግሥት በነበረው ክረምት፣ እናቴና ሁለት እህቶቼ ናቸው እንዲህ የሄዱት። እኔ በሩ ሥር ቀዳዳው ጋ ተኝቼ ተረፍኩ። መናገሩ ስለከበደኝ ተረት አደረግሁት። ተረት ደግሞ ማን ያምናል?»

አምኜ እንደነበር አልነገርኳቸውም። እናቴም ማድ ቤት የተባባልነውን ከዚያ ወዲያ አንስታው አታውቅም።

አባባ ሀንስ ዘጠናን አልፈው፣ የማርታን ሌሎች ልጆች ድረው፣ አምና ሐምሌ ላይ አረፉ። ለቅሶ ቤቱ ሰው ሞልቶበት ከሰል ገባ፤ አንዷ «ኧረ ብርዱ!» ብላ መስኮቱን ዘጋችው። እናቴ ዛሬ በምርኩዝ ነው የምትሄደው። ተነሳች፤ ሰው ሁሉ እያያት በዝግታ ሄዳ ወለል አድርጋ ከፈተችው። ተመልሳ አጠገቤ ተቀመጠችና እጄን ያዘች።

«ነግረሽኝ ነበር» አለችኝ።

እሷ ይህን ለማለት ይህን ሁሉ ዓመት ፈጀባት። እኔ ግን ለምን አንዴ ብቻ ነገርኳት እያልኩ እስከ ዛሬ ከራሴ ጋር እሟገታለሁ።