የሌሊት ወፎቹ የወጡበት ወረቀት

ከኦክላንድ ወደ ሳን ሆዜ የተዛወርነው ትምህርት ቤት በተዘጋበት ወራት ነው። በኦክላንድ የነበርንበት ፎቅ ቤት ጠባብ ነበር፤ ነገር ግን ደረጃውን በወጣሁ ቁጥር «እንደምን ዋሉ የኔታ» የሚለኝ ሰው አላጣም ነበር፤ የልጅ ልጄም በሩን ከፍታ ስትወጣ የምታጫውታት ልጅ በኮሪደሩ ላይ ታገኝ ነበር። አዲሱ ቤት ሰፊ ነው፤ ጓሮው የሎሚ ዛፍ አለው፤ ስለዚህም አምላኬን አመሰግናለሁ። መንገዱ ግን ጭር ያለ ነው። መኪና ይመጣል፣ ጋራዡ ይከፈታል፣ መኪናው ይገባል፣ ጋራዡ ይዘጋል። ሰውየውን ግን አላየነውም።

ልጄ ነርስ ናት፤ ሌሊት ሠርታ ቀን ትተኛለች። ስለዚህ ከትምህርት ቤት መልስ ያለውን ሰዓት አብረን የምናሳልፈው እኔና የልጅ ልጄ ነን። እርሷ አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን አብዛኛውን በእንግሊዝኛ ነው። እኔም እንግሊዝኛን ከምናገረው ይልቅ እሰማዋለሁ። እያንዳንዳችን በሚቀናን ቋንቋ እየተናገርን እንዲህ ከርመናል፤ ሳንግባባ የቀረንበት ቀን ብዙ አይደለም።

የመቁረጫው ማሽን ወደ ቤታችን የገባው ጾመ ጽጌ በተያዘ ሰሞን ነው። የልጄ የሥራ ባልደረባ ወደ ሌላ ስቴት ስትሄድ «ለልጅሽ ይሁናት» ብላ ሰጠቻት። ሲያዩት ፕሪንተር ይመስላል። በውስጡ ግን ቀለም የለም፤ ያለው የጤፍ ቅንጣት የምታህል የምላጭ ጫፍ ናት። ወረቀቱ በሚያጣብቅ ስስ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ማሽኑ ሰሌዳውን ወደ ሆዱ ይስበዋል፤ ከዚያ በኋላ በኮምፒውተሩ ላይ የተሣለውን ሥዕል እየተከተለ ይቆርጣል። መጀመሪያ ድምፁን ስሰማ የጸሎት መጽሐፌን አጥፌ ተነሣሁ። ከብዙ ዘመን በፊት፣ ብራና ጽሕፈት በተማርሁበት ጉባኤ፣ የመቃ ብዕር በደረቀ ብራና ላይ ሲሄድ የሚያሰማውን ድምፅ ነበር የሚያሰማው። እጄ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ያን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም። ወንበር ስቤ ከማሽኑ አጠገብ ተቀመጥሁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም ቦታዬ እርሱ ሆነ።

«ምን ልትሠሪበት ነው?» አልኋት።

«ሃሎዊን ዴኮሬሽን» አለች።

ልጆች የሚያስፈራ ነገር መስለው ማታ በየደጁ ከረሜላ የሚለምኑበትን የፈረንጆቹን በዓል ጌጥ ማለቷ ነው፤ የጸሎት መጽሐፌን ገለጥሁ። እርሷም ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ታውቃለችና ዓይኗን ከማሽኑ ሳታነሣ በአማርኛዋ ቀጠለች፦ «አባባ፣ ቤቱ ባዶ ከሆነ ልጆች አይመጡም። ስኪፕ ያደርጉታል።»

«ይለፉት፤ ምን ይጎድልብናል?»

«እኔን አያውቁኝም።» እጇ ወረቀቱን በሰሌዳው ላይ እየለጠፈ ነበር። «በትምህርት ቤት ምሳ ብቻዬን ነው የምበላው። ቤታችን ናይስ ከሆነ ይመጣሉ፤ ከመጡ ደግሞ ያዩኛል።»

ይህን ጠይቄያት ቢሆን ኖሮ አትነግረኝም ነበር። እጇ ሥራ ይዞ ስለነበር ከአፏ ወጣ። እኔም የዚያን ዕለት ስለ በዓሉ ያለኝን ክርክር ሁሉ አጣጥፌ አስቀመጥሁት፤ ይልቁንም ምን ይቆረጥ፣ ምን አይቆረጥ በሚለው ላይ ተደራደርን።

«የራስ ቅል?»

«አይገባም።»

«ዊች?»

«ጠንቋይ በቤቴ መስኮት? አይገባም።»

«ባት?»

«የሌሊት ወፍ የእግዚአብሔር ፍጥረት ነው፤ ይግባ። ሸረሪትም ይግባ። ዱባም የጾም ምግብ ነው፤ ይግባ።»

«ጎስት?»

«እርሱ ምንድን ነው?»

«የሞተ ሰው።»

«የሞተ ሰው ይረፍ እንጂ በር ላይ ምን ያቆመዋል!»

እርሷ ግን ሥዕሉን አሳየችኝ። ከራሱ እስከ እግሩ ነጭ የተከናነበ፣ ሁለት ዓይን ብቻ ያለው ነገር ነው። አንዴ ሥዕሉን፣ አንዴ እኔን አየችና ሳቋ አመለጣት። «አባባ፣ አንተን ይመስላል! ጠዋት ስትጸልይ!»

«እርስዎን በዪ!» አለች እናቷ ከኩሽና።

«እርስዎን ይመስላል!»

ጋቢዬን ተመለከትሁ። በእውነት ይመስላል። «እንግዲያውስ ዘመዳችን ነው፤ ይግባ» አልሁ።

ወሬው ኦክላንድ ለመድረስ አልዘገየም። በቤተ ክርስቲያን አብረን የምንቆም፣ በእድሜ የተስተካከልን አንድ መሪጌታ ወዳጅ አለኝ፤ ስልክ ደውሎ ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳይጨርስ ጀመረኝ።

«የኔታ፣ ሳን ሆዜ ወርደው ሰይጣን ያስጌጣሉ አሉ!»

«ሰይጣን አይደለም፤ ዱባ ነው።»

«ዱባው ጥርስ አለው?»

«አለው።»

«እኛ በልተነው ያደግነው ዱባ እኮ ጥርስ አልነበረውም! ደግሞስ ቀኑን ልብ ብለውታል? ጥቅምት ሃያ አንድ እኮ ነው፤ የእመቤታችን።»

«ልብ ብዬዋለሁ። ልጅቱን አደራ የሰጠሁት ለእርሷው ነው» አልሁና ነገሩን ከሥሩ ነገርሁት፤ ምሳዋን ብቻዋን እንደምትበላ፣ በሩን የሚያንኳኳ ልጅ እንደምትጠብቅ።

«ብቻዋን ትበላለች?»

«ብቻዋን።»

«በሉ ዝም ብለው ይቁረጡ» አለኝ። «ብቻ የዱባውን ጥርስ ያሳጥሩት።»

የበዓሉ ዋዜማ ማታ የመጨረሻው ወረቀት ተቆረጠ። ሁሉም ጥቁር ወፍራም ወረቀት ነው። የልጅ ልጄ ግን ቅርጾቹን ከወረቀቱ ገና አላወጣቻቸውም ነበር፤ እንዳይጣመሙ ብላ እንደ ተቆረጡ እዚያው ከነወረቀታቸው በመጻሕፍት ሥር አስተኝታ፣ «ነገ ከትምህርት ቤት ስመጣ እናወጣቸዋለን» ብላ ተኛች።

በማግስቱ ጠዋት ልጄ ከሌሊት ሥራ ገብታ ዓይኗ እየተከደነ፣ «አባዬ፣ ጠረጴዛውን ክሊን ላደርግ ነበር፤ አልቻልሁም፤ ቁርጥራጩን ሪሳይክል ውስጥ ይጣሉልኝ» ብላኝ ወደ መኝታዋ ገባች። እኔም የዕለቱን ጸሎት አደረስሁና ልጅቱን ላስደስታት ብዬ ከተባልሁት በላይ ለመሥራት ተነሣሁ። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አወጣሁ፤ ጫፏ በተቆለመመች ትንሽ መውጊያ የተቆረጠውን እየነቀስሁ መፈልፈል ጀመርሁ። የሸረሪቷ እግሮች ከፀጉር የቀጠኑ ናቸው። እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ክርኔን በጠረጴዛው ላይ ተከልሁት፤ ትንፋሼን ያዝሁ። አንድ ወረቀት እንኳ ሳልቀድድ ጨረስሁ። እንዲህ ያለ ሥራ በእጄ ከሠራሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛልና ስጨርስ «ተመስገን» ያልሁት ጮክ ብዬ ነው።

ከዚያም ወረቀቶቹን አስተካክዬ ደረደርኋቸው፤ ከውስጣቸው የወጣውን ርጋፊ ሁሉ ሰብስቤ ወደ ውጭ ወስጄ በሪሳይክሉ ገንዳ ጣልሁት። ወዲያው የቆሻሻ መኪናው መጣ፤ ገንዳውን አንሥቶ ገለበጠው። የወጣልኝ ሰው ነኝ ብዬ ሾፌሩን በእጄ ሰላም አልሁት።

ከሰዓት በኋላ ልጅቱ ቦርሳዋን ሳታወርድ ወደ ጠረጴዛው ሮጠች። «አባባ፣ ባቶቹ የት አሉ?»

«ይኸውልሽ!» ብዬ የተፈለፈሉትን ወረቀቶች እንደ ሥዕል ዘርግቼ አሳየኋት። አንዱን አነሣች፤ በሌሊት ወፍ ቅርጽ በተከፈተው ቀዳዳ በኩል ተያየን።

«ኖ፣ አባባ፤ ከዚህ የወጡት።»

«ቁርጥራጩን? ጣልሁት።»

ያን ጊዜ ምን እንዳደረግሁ ገባኝ። እኔ ያደግሁት መካከሉ እየተፈለፈለ በሚሠራ መስቀል ፊት ነው። በዚያ መስቀል ላይ ሠሪው ከነሐሱ ቆርጦ ያወጣው ይጣላል፤ የምንሳለመው የቀረውን ነው። የቤተ ክርስቲያናችን የእንጨት መስኮትም እንዲሁ ነው፤ ብርሃን የሚያሳልፈው የተቀረጸው ክፍቱ ነው። ስለዚህ ሥራው የትኛው፣ ቁርጥራጩ የትኛው እንደ ሆነ መጠየቅ እንኳ አልመጣልኝም ነበር።

እርሷ ወደ ውጭ ሮጣ ገንዳውን ከፈተች። ባዶ ነው። ስትመለስ አላለቀሰችም፤ «ኢትስ ኦኬይ፣ አባባ» ብቻ አለችኝ። በቤታችን ይህ ቃል የሚነገረው ነገሩ ደኅና ባልሆነ ጊዜ ነው። ክፍሏ ገብታ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ብታጋጨው ይሻለኝ ነበር።

ልጄ ነቅታ ነገሩን ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች፤ የተዘጋውን በር ስታይ ሳቋን ዋጠችው። «ጥቁር ወረቀቱ አልቋል» አለች። «አሁን ለመግዛት ብሄድ ደግሞ በዚህ ትራፊክ ሥራ አልደርስም።»

«አንድ ነገር ብቻ አምጪልኝ» አልኋት፤ «የመኝታ ቤትሽን ትልቁን መብራት።»

የልጅ ልጄን በር አንኳኳሁ። «ልጄ፣ እኔ ቁርጥራጭ አላስቀረሁልሽም፤ ሥራ ነው ያስቀረሁልሽ። ካላመንሽኝ ነዪና እዪ። ከአየሽው በኋላ ካልወደድሽው እኔ ራሴ ጋቢዬን ተከናንቤ በር ላይ ጎስት ሆኜ እቆምልሻለሁ።»

ከበሩ ወዲያ አንዲት አጭር ሳቅ ተሰማችኝ። በሩም ተከፈተ።

ወረቀቶቹን በመንገድ በኩል ባለው ትልቅ መስኮት ላይ ጎን ለጎን ለጠፍናቸው፤ እርሷ ከላይ በወንበር ቆማ፣ እኔ ከታች ፕላስተሩን እየቆረጥሁ እያቀበልኋት። መስኮቱ ሁሉ ጥቁር ሆነ። መብራቱን ከኋላው አቆምን። ገና ቀን ስለ ነበር ምንም አይታይም፤ እርሷም እኔን ላለማስቀየም «ናይስ ነው» አለች። ልጄ ሁለታችንንም ስማ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ፀሐይ ስትጠልቅ የልጅ ልጄን እጇን ይዤ ወደ መንገዱ ማዶ ተሻገርን፤ ከዚያም ዞረን አየን። ቤታችን ጨለማ ነበር፤ በጨለማው መካከል ግን የብርሃን የሌሊት ወፎች ይበሩ ነበር። ሸረሪቷ ብርሃን ነበረች፤ ድሯም ብርሃን። ጥርሳሙ ዱባ በወርቅ የተሣለ መሰለ። ነጭ የተከናነበው ዘመዳችንም በመካከል ቆሞ ያበራ ነበር። የልጅቱ እጅ በእጄ ውስጥ ጠበቀ።

«አባባ…» አለች።

ከዚያ በኋላ የቀረው መጠበቅ ነበር። ከረሜላውን በሰፌድ አድርገን ከበሩ አጠገብ ተቀመጥን። የመጀመሪያዎቹ ልጆች በማዶ በኩል አለፉ። እርሷ ተነሣች፤ ተቀመጠች። ሁለተኞቹም አለፉ። በልቤ የዕለቱን ባለቤት ለመንሁ፤ እንዲህ ላለ ነገር ሰማይን ማስቸገር ይገባ እንደ ሆነ ግን አላውቅም ነበር። ጥቂት ቆይቶ የቢራቢሮ ክንፍ ያጠለቀች አንዲት ልጅ ብቻዋን ከባልንጀሮቿ ወደ ኋላ ቀረች፤ መስኮታችንን በጣቷ እያሳየች ጮኸች፤ የቀሩትም ተመለሱ። በራችን ተንኳኳ።

ልጅቱ ስትከፍት እኔ ጋቢዬን እንደ ለበስሁ፣ ጥምጥሜን እንደ ጠመጠምሁ ከኋላዋ ቆሜ ነበር። ባለ ክንፏ ልጅ ወደ እኔ አሻቅባ ተመለከተችና ምን መስሎ እንደ ለበሰ ንገሪኝ ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀቻት።

«ምንም አልመሰለም» አለች የልጅ ልጄ በእንግሊዝኛው፤ ቃሉን ግን በአማርኛ ጨረሰችው፤ «አባባዬ ነው። መስኮቱን የሠራው እርሱ ነው።»

«እርሳቸው በዪ» የምትል እናቷ በቤት አልነበረችም፤ እኔም አላረምኋትም።

ልጆቹ ከረሜላቸውን ይዘው ሄዱ፤ ሌሎችም መጡ፤ ሰፌዱም ባዶ ሆነ። ባለ ክንፏ ልጅ ግን ከእኛ ሦስተኛው ቤት ነበርና የምትኖረው በቅዳሜው ተመልሳ መጣች። በሩን የከፈትሁላት እኔ ነኝ። ክንፍ አልነበራትም፤ በእጇ አንድ ጥቁር ወረቀት ይዛለች። «ልጄ፣ እንግዳ መጥቶልሻል!» ብዬ ተጣራሁ። የእግር ኮቴው ከደረጃው ላይ ሲወርድ ስሰማ ወደ ጸሎት መጽሐፌ ልመለስ አልቻልሁም፤ ቆሜ አዳመጥሁት።

ሁለቱ ከማሽኑ ፊት ራስ ለራስ ገጥመው ተቀመጡ። ምላጯ እንደ መቃ ብዕር ድምፅዋን ማሰማት ጀመረች። ሲጨርሱ የልጅ ልጄ የተቆረጠችውን አበባ አውጥታ ለጓደኛዋ ሰጠቻት፤ አበባዋ የወጣችበትን ወረቀት ደግሞ በሁለት እጇ ይዛ ወደ እኔ አመጣችው።

«ይሄ የእርስዎ ነው፣ አባባ» አለችኝ።

በጽጌ ወራት አበባ ይዛልኝ መጣች። ወረቀቱን ተቀብዬ በምጸልይበት መስኮት ላይ ለጠፍሁት። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ አንዲት የብርሃን አበባ በመጽሐፌ ላይ ታርፋለች፤ እኔም ፊደሉን እስክትሻገር ድረስ ንባቤን ገታ አድርጌ እጠብቃታለሁ።