ወረቀቱን አላሳይም

በ1998 ዓ.ም. እንዳለች የምትባል ወጣት አብነት ሰፈር ባለ አንድ ጠባብ ስፌት ቤት ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋ ነበር። ሠራተኞቹ ስድስት ናቸው፤ አንዳቸውም ሠላሳ አልሞላቸውም። አንድ ቀን በቀበሌው አዳራሽ የኤች አይ ቪ ምክርና ምርመራ በነጻ እንደሚሰጥ በድምፅ ማጉያ ሲነገር ቤቱ በሳቅ አውካካ።

«ሰው የሚገድለው ቫይረሱ ሳይሆን ወረቀቱ ነው» አለ ጨርቅ ቆራጩ ሞቱማ። «ካላወቅኩት አያገኘኝም!»

በካውያ የምትተኩሰው ሸምሲያም «ስትገቢ ያየሽ ሰው ውጤቱን መች ይጠብቃል?» አለች።

እንዳለች አልሳቀችም። ታላቅ ወንድሟ ኢታና ባለፈው ዓመት «በሳንባ ምች» ሞተ ተብሎ ተቀብሯል። ቤተ ዘመዱ ሁሉ ልቡ ያውቅ ነበር፤ ማንም ግን አልተነፈሰም። መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት በጀመረበት ሰሞን እሱ ሐሜት ፈርቶ ሳይመረመር አለቀ። ይህ ነገር እንደ እሳት ያንገበግባታል።

ቅዳሜ በምሳ ሰዓት ሄዳ ተመረመረች። ነጻ ናት። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ደስ ሊላት ሲገባ ለወንድሟ አለቀሰች።

ሰኞ ስትገባ ወሬው ቀጥ አለ። አይተዋታል ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ከእሷ ጋር ምሳ የሚቆርስ ጠፋ። ረቡዕ ደግሞ የስፌት መኪናው መርፌ ጣቷን ወጋትና አንዲት ጠብታ ደም የምትሰፋው ሸሚዝ ላይ አረፈች።

«አትንኩት!» ብሎ ሞቱማ ዘለለ። ሸሚዙን በዱላ አንስቶ ቆሻሻ ውስጥ ጣለው። ሸምሲያ አቀርቅራ ካውያዋን መግፋት ቀጠለች።

የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ሸዋዓለም መጡ። «ልጄ፣ ክፉ ሆኜ አይደለም። ወረቀትሽን አሳዪንና ሁሉም ይረፍ።»

የእንዳለች እጅ ወደ ቦርሳዋ ሄደ። አንዴ ብታወጣው ነገሩ ሁሉ ያበቃል። ግን ኢታና ትዝ አላት፤ እሱ ቢሆን ኖሮ ምን ሊያሳያቸው ነበር? እጇን መለሰች።

«እትዬ፣ እርስዎ ወረቀት አለዎት?» አለች። «ሞቱማስ አለው? እዚህ ቤት ደሙን ያወቀ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። የምትሸሹት ግን እኔን!»

ጣቷን በቁራጭ ጨርቅ ጠቅልላ ወጣች፤ አልተመለሰችም። ሁለት ወር ሥራ ፈታ ከርማ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሌላ ስፌት ቤት ተቀጠረች።

በዓመቱ ሸምሲያ እዚያ ድረስ ፈልጋ አገኘቻት። «ላገባ ነው፤ ከኒካው በፊት ተመርመሩ ተባልን። ብቻዬን ፈራሁ» አለቻት።

«ያን ቀን ዝም ብለሽ ነበር።»

«አዎ፤ ፈርቼ ነው።»

የእንዳለች ንዴት እንደ አዲስ አገረሸ። ቢሆንም ነጠላዋን ደርባ ተነሣች። መንገዱን ሙሉ አላናገረቻትም፤ ከምርመራው ክፍል በር ላይ ግን እስክትወጣ ጠበቀቻት። ሸምሲያ ወጥታ አፏን ልትከፍት ስትል በእጇ ከለከለቻት።

«ለእኔ አትንገሪኝ። የሚጠይቅሽ ካለም መጀመሪያ የራሱን ያምጣ በይው።»