በጠይብ ስም የተሰጠ ደም

ሙንተሲር ክሊኒኩ ውስጥ ስሙን ሲጠየቅ የራሱ ስም ጉሮሮው ላይ ተሰነቀረ። ወደዚያ ያመጣው በክረምቱ ዕረፍት ካርቱም አብራው የከረመችው ልጅ "ሂድና ደምህን ተመርመር" ብላ ደውላለት ነው። በሱዳኗ ወድ መደኒ ከተማ የግብርና ተማሪ ሆኖ ለኤችአይቪ ምርመራ መታየት በቁም መሞት ነው፤ አባቱ ደግሞ የሰፈራቸው መስጊድ ኢማም ናቸው። ስለዚህ አፉ ላይ የመጣለትን ተናገረ፤ የመኝታ ክፍል ጓደኛውን የጠይብን፣ የአልጠይብ ዑስማንን ስም። ማን ያውቃል ብሎ ነው። የሚያውቅ መቼ ይጠፋል!

ደሙን ሰጥቶ ኮሪደሩ ላይ ውጤት ሲጠብቅ፣ ማደሪያቸው አንድ የሆነው ባቢከር የታመመ ጥርሱን ይዞ ብቅ አለ። ሙንተሲር ከዓምዱ ጀርባ ተሸጎጠ። ወዲያው ነርሷ፣ ሰው ሁሉ ምን እንደሚሠራባት ከሚያውቃት ክፍል አንገቷን አውጥታ፣ "አልጠይብ ዑስማን!" ብላ ተጣራች። ማንም አልተነሳም። ደግማ ጮኸች። ባቢከር ጥርሱን ረስቶ ቀና አለ።

ባቢከር ሲሄድ ሙንተሲር ገባ። የፈሩት ይደርሳል፤ ቫይረሱ ደሙ ውስጥ ተገኘ።

"መድኃኒት አለው፣ ልጄ" አለችው ነርሷ። "ሳታቋርጥ ከዋጥክ ትማራለህ፣ ታገባለህ፣ ትወልዳለህ።"

እሱ ግን ምኑንም አልሰማ።

አፍ ዳገት አይፈራም፤ ወሬው ማደሪያውን ለማዳረስ አንድ ምሽት በቃው። በማግስቱ ረፋድ ልጆቹ እንደወትሮው የፉሉን ሳህን ከበው ሳለ፣ ጠይብ እጁን ሲሰድ የሌሎቹ እጅ ተሰበሰበ። ከአንድ ሳህን ያልበላ ወዳጅ በማይባልበት አገር ይህ ከጥፊ ይብሳል።

"ምነው? እጄ ላይ እባብ አያችሁ?" አለ ጠይብ እየሳቀ።

"ጠግበናል፣ ወንድሜ" አሉት፣ ገና ሳይጎርሱ።

ምክንያቱን ሲሰማ ሮጦ ተመርምሮ ነጻ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት አሳያቸው። "ወረቀትማ ይገዛል" ብለው ሳቁበት። አብሮት የሚበላው ሙንተሲር ብቻ ሆነ።

"ወላሂ፣ አንተስ ወንድ ነህ! ከበሽተኛ ጋር!" ይሉታል። ምስጋናቸው እንደ እሬት መረረው። ሆድ ካገር ይሰፋል ቢባልም የእሱ ሆድ ይህን መያዝ አቃተው። ሌሊት ሌሊት ልናገር ይልና ሲነጋ አባቱን ያስባል።

አንድ ቀን ሌሎቹ ወዲያ ማዶ ሳህናቸውን ከበው፣ ሁለቱ ጥግ ላይ ለብቻቸው ፉል ሲበሉ ጠይብ መብላቱን አቆመ።

"አጎቴ ነገ መጥቶ ይወስደኛል። ትምህርቱም ቀረ። ወሬው እናቴ ጋ ደርሷል፤ በቁሜ ለቅሶ ተቀምጣልኛለች" አለ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። "አንተ ባትኖር አብጄ ነበር። ከእናቴ ልጆች ትበልጥብኛለህ።"

ሙንተሲር የያዘው ዳቦ ከእጁ ወደቀ። ተነሳ፤ ወደ ልጆቹም ዞረ።

"ስሙኝ! ክሊኒክ የሄድኩት እኔ ነኝ። የጠይብን ስም ሰጥቼ ተመረመርኩ። በሽታውም የኔ ነው።"

ከሁሉ የፈጠነው ባቢከር ነበር፤ "አውፍ በለን፣ ይቅር በለን፣ ወንድሜ!" እያለ መጥቶ ከጠይብ ሳህን ሊቆርስ እጁን ዘረጋ።

ጠይብ የባቢከርን እጅ ገፋ። ሙንተሲርን ግን ትኩር ብሎ አየው።

"ይህን ሁሉ ቀን አብረኸኝ ስትበላ" አለው፣ "አንድ ቀን እንኳ አላነቀህም?"

ሳህኑን ወደ ሙንተሲር ገፍቶ ተነሳ።

"ብላ" አለው። "ለብቻህ ብላ።"