የመጨረሻው ዐሥር ዙር

ካርዷን ያገኘኋት የባለቤቴን የሥራ ቱታ ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ ነው። በፕላስቲክ የተለበጠች ትንሽ ነገር ናት። ፎቶው አለባት፤ ከሥሩ የእሽቅድምድም መኪና ሾፌር መሆኑ ተጽፏል። እኔን እንግሊዝኛ ያስተማረኝ የሱፐርማርኬት ማስታወቂያና ቴሌቪዥን እንጂ ትምህርት ቤት አይደለም፤ ስለዚህ ተሳስቼ ይሆናል ብዬ እንደገና አነበብኳት። ያው ነው። ልብስ ማጠቢያው አጠገብ ክው ብዬ ቀረሁ።

ያን ጊዜ የምንኖረው ካናዳ፣ ካልገሪ ከተማ፣ አቢዴል የሚባል ሰፈር ነው፤ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ። ባለቤቴ አገር ቤት የአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ካልገሪ ስንመጣ ግን አንድ ጋራዥ መካኒክ ሆኖ ገባ። አለቃው ስድሳን ያለፈ፣ ፊቱ ቲማቲም የመሰለ ፈረንጅ ነው። ይህ ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማው ደቡብ ምሥራቅ ባለው ሜዳ የሚሽቀዳደምባት መኪና አለችው። የእሽቅድምድም መኪና ስላችሁ የምታብረቀርቅ እንዳትመስላችሁ። ከውጭ ስትታይ መንገድ ላይ የምናያት ተራ የቤት መኪና ናት። ውስጧ ግን ተዘርግፎ ወጥቶ የቀረው የብረት ቱቦና አንድ ወንበር ብቻ ነው፤ በሮቿ ተበይደው ሰው በመስኮት ይገባል። ባለቤቴ ቅዳሜ የሚሄደው ለእሷ ጎማ ለመቀየር ነው ብሎኝ፣ እኔም ይህንኑ አምኜ ስንቅ እየቋጠርኩ ስልከው ከርሜአለሁ።

ከሥራ ሲገባ ካርዷን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ጠበቅሁት።

አያትና፣ "አልነዳሁም" አለ፤ ምንም ሳልጠይቀው።

ከዚያ ቀስ በቀስ አወጣጣሁት። በጸደይ መካኒኮች ብቻ የሚነዱበት አንድ ውድድር አለ። አለቃው ከፍሎ ፈቃዱን አውጥቶለታል። ቀኑ ደርሶ መኪናዋ ስትቀርብ፣ አለቃው የራስ ቁሩን ይዞ ትነዳለህ ወይ ብሎ ጠየቀው። ባለቤቴም እንደ ጨዋ ልጅ፣ ኧረ አይሆንም፣ ሌላ ሰው ይንዳ አለ። መቼም እኛ ቤት ይህ "አይሆንም" ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። እንግዳ ምግብ ሲቀርብለት በልቻለሁ እንደሚለው ነው፤ ገና የልመናው መጀመሪያ ነው። ሰውዬው ግን እሺ ብሎ የራስ ቁሩን ለሌላኛው መካኒክ ሰጠው።

"ሁለተኛ እንኳን አልጠየቀኝም" አለኝ ባለቤቴ፣ ካርዷን ወደ ራሱ እየሳበ።

ጩኸቴን አዘጋጅቼ ነበር። አርባ ዓመት ያለፈው፣ የጎርፍና የገደል መንገድ ሲነዳ የኖረ ሰው፣ አልተለመንኩም ብሎ አኩርፎ ወራት ቆይቷል። ደግ አደረገ፣ ያ ፈረንጅ ለእኔ የተላከ መልአክ ነው አልኩት። ሳቀ። ካርዷን ግን መሳቢያ ውስጥ አልጨመራትም፤ ቦርሳው ውስጥ ከልጅነቱ ፎቶ ጎን አስቀመጣት። ይህን ሳይ ነው ነገሩ ያልሞተ መሆኑን ያወቅሁት።

ነሐሴ ላይ የኮከቦች ውድድር የሚሉት መጣ። በዓመቱ ውስጥ አንድ ጊዜም ቢሆን ያሸነፉ ሾፌሮች ብቻ የሚገቡበት፣ ነጥብ የማይያዝበት፣ ለክብርና ለጨዋታ የሚደረግ ነው። አለቃው በስንት ዓመቱ አንድም ቀን አሸንፎ አያውቅም። ግን አንድ ቦታ ለሕዝብ ምርጫ ተትታለች። በር ላይ ከቲኬቱ ጋር ብጣሽ ወረቀት ይሰጣል፤ የምትወዱትን መኪና ቁጥርና የሾፌሩን ስም ጽፋችሁ ሳጥን ውስጥ ትከታላችሁ። ብዙ ድምፅ ያገኘ አሥራ አራተኛ ሆኖ ይገባል።

እኔ ደግሞ ወሬ ሆዴ ውስጥ አያድርም። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሜ፣ የባለቤቴ ጋራዥ መኪና ቁጥሯ ሰባት ነው፣ ኑና ምረጡልን አልኩ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሠላሳ ያህል ሆነን ሄድን፤ እናቶቹ ነጠላቸውን እንደለበሱ። ከእኛ ጋር አንድ አሥመራ ተወልደው ያደጉ ጋሼ ነበሩ፤ በልጅነታቸው ጣሊያኖች በከተማው አስፋልት ላይ መኪና ሲያሽቀዳድሙ አይተዋል። ከእኛ መሀል ነገሩ የሚገባቸው እሳቸው ብቻ ስለነበሩ ሁላችንም ዙሪያቸውን ከበብን።

ድምፁን አልነግራችሁም። ሞተሮቹ አንድ ላይ ሲነሱ የተቀመጥንበት እንጨት ከሥራችን ተንቀጠቀጠ። አጠገቤ ያሉት እናት ጆሮአቸውን በነጠላ ጠቅልለው መጸለይ ጀመሩ። ያን ጊዜ ነው ድምፅ ማጉያው የሕዝቡ ምርጫ ሰባት ቁጥር ሆናለች ያለው። እልል አልን። ዙሪያችን ያሉት ፈረንጆች ዞረው አዩን።

ውድድሩ ሦስት ቦታ የተከፈለ ነው። መጀመሪያ ሃያ አምስት ዙር፣ ቀጥሎ አሥራ አምስት፣ መጨረሻ ዐሥር። አለቃው በሃያ አምስቱ አሥራ አንደኛ ወጣ። አዝነን ሳንጨርስ፣ ለሁለተኛው ምዕራፍ ሰልፉን ገለበጡት፤ አንደኛ የወጣው መጨረሻ ቆመ፣ መጨረሻ የነበረው ፊት ሆነ፣ የእኛም ሰው አራተኛ ላይ ተሰለፈ። እኔ ተጭበርብሯል ብዬ ነበር። ጋሼ ግን ሕጉ ነው፣ ጨዋታው እንዲሞቅ ነው አሉ። ቀጥለውም፣

"ይሄንንስ ከወንጌል ነው የሰረቁት፣ ልጄ" አሉኝ።

በሁለተኛው ምዕራፍ አለቃው ከአራተኛ ወደ ስምንተኛ ወረደ። ከዚያ የዐሥር ደቂቃ ዕረፍት ሆነ። ያን ቀን ለሠራተኞቹ ምሳ ይዤ ስለመጣሁ በክንዴ ላይ ለማለፊያ የወረቀት አምባር ታስሮልኝ ነበርና፣ ዕቃዬን ይዤ መኪኖቹ ወደሚቆሙበት ወረድኩ።

አለቃው በመስኮቷ ወጥቶ አንገቱን እያሸ ጎማ ላይ ተቀምጧል። አንድ የሜዳው ሠራተኛ የምርጫውን ወረቀቶች ለማስታወሻ ብሎ በላስቲክ ይዞለት መጣና እየሳቀ ሰጠው። አለቃው አንዱን አነበበ። ሌላውን አነበበ። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ቀና ብሎ አየ። ለካ የእኛ ሰዎች ቁጥሩን ሰባት ብለው በትክክል ጽፈው፣ የሾፌሩ ስም የሚለው ላይ የባለቤቴን ስም ሞልተውታል። ፈረንጁን ማን ያውቀዋል? የእኛን ሰው ምረጡ ተብለዋል፣ የእኛን ሰው መረጡ። አንዳንዱማ "ወንድም እገሌ" ብሎ በማዕረግ ነው የጻፈው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የሰው ወግ አጠፋሁበት ብዬ ስፈራ፣ ሰውዬው ግን ሳቀ። ነጥብ ስለማይያዝበት በዕረፍቱ ሾፌር መቀየር ይፈቀዳል። እናም የራስ ቁሩን አንስቶ፣

"የመረጡት አንተን ነው። የመጨረሻውን ዐሥር ትነዳለህ?" አለው።

"ኧረ አይሆንም። እርስዎ ይንዱ" አለ ባለቤቴ፤ በእንግሊዝኛ ቢለውም እኔ የሰማሁት እንዲህ ነው።

አለቃው ትከሻውን ነቀነቀና የራስ ቁሩን መልሶ ሊያጠልቀው አነሳ።

እኔ ያየሁት ግን የባለቤቴን እጅ ነው። ፊቱን ወደ መኪናዋ አዙሮ፣ የጠራውን መስታወት በጨርቅ ይወለውላል። አንዱን ቦታ ደጋግሞ። ያቺ ካርድ በኋላ ኪሱ ውስጥ እንዳለች አውቃለሁ። ደቂቃዋ እያለቀች ነው። እዚያ አስፋልት ላይ ቆሜ ያሰብኩትን ሳስታውስ ዛሬም ይገርመኛል። ዝም ብል ባሌ በደህና ቤቱ ይገባል፤ የምፈራው ነገር ሁሉ በሰውዬው የራስ ቁር ውስጥ አብሮ ይደፈናል። ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

"ሚስተር" አልኩት፣ "እሱ እምቢ አላለም።"

ሰውዬው ግራ ገባው። በተሰባበረው እንግሊዝኛዬ አስረዳሁት፤ በእኛ ዘንድ ሰው የሚጠየቀው ሦስቴ ነው፣ የመጀመሪያው እምቢ ሰላምታ ማለት ነው፣ ሁለተኛው ትሕትና፣ ወሬው የሚጀምረው ከዚያ ነው አልኩት። ባለቤቴ አፍሮ፣ "አንቺ ሴትዮ፣ ተይ" አለኝ በአማርኛ፤ ጨርቁን ግን አቆመ።

አለቃው ጨዋታው ገባውና ሁለተኛ ጠየቀው። ባለቤቴም፣ አይሆንም፣ አንገትዎን ካመመዎት ዐረፍ ብለው ይንዱ እንጂ አለ። ሦስተኛውን ከማለቱ በፊት ሰውዬው ወደ እኔ ዞሮ፣ የሚጨመርበት ነገር አለ ወይ አለኝ። አለ አልኩት፤ "በሞቴ" ይባላል፣ ይህን ከተባለ ማንም እምቢ አይልም። ትርጉሙን ጠየቀኝ። ነገርኩት። በሞቴ፤ በእኔ ሞት ይሁንብህ ማለት ነው። የሰውዬው ቲማቲም ፊት ነጣ። የእሽቅድምድም ሜዳ ላይ፣ ከመኪና በር አጠገብ፣ የሾፌሩ ሚስት ይህን ትላለች ብሎ ማን ይጠብቃል? እኔም ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። ፓስተራችን ይህን ቃል ተዉት እያለ ስንት ዓመት መክሮናል።

"ባሞቴ" አለው ሰውዬው፣ የራስ ቁሩን ዘርግቶ።

ባለቤቴ ተቀበለው። እኔን አላየኝም። እግሩን በመስኮቷ አስገብቶ እንደ ቀጭን ጎረምሳ ሹልክ አለ፤ ቤት ውስጥ ደረጃ ስንወጣ ጉልበቴን የሚል ሰው።

ወደ ሰዎቼ ተመለስኩ። ጋሼ አዩኝና ቦታ ለቀቁልኝ። መኪኖቹ ሲለቀቁ ሰባት ቁጥር ስምንተኛ ላይ ነበረች። ዙሩን በጣቴ መቁጠር ያዝኩ። በሦስተኛው ሁለት መኪኖች ተጋጭተው አንዷ ግድግዳውን ስትመታ ቢጫ ባንዲራ ወጣ፤ ሁሉም ቀስ ብለው ተከታትለው መዞር ጀመሩ። እኔ መቁጠሬን ቀጠልኩ። ዐሥረኛ ጣቴ ላይ ስደርስ ተመስገን ብዬ ተነሣሁ፣ ነጠላዬን አስተካከልኩ። ያን ጊዜ አረንጓዴ ባንዲራ ወጣና ሞተሮቹ እንደገና አገሱ።

"አልቋል እኮ!" አልኩ።

"በመጨረሻው ምዕራፍ በቢጫ የዞሩት አይቆጠርም" አሉ ጋሼ። "ገና ሰባት ይቀራል። ተቀመጪ።"

ተቀመጥኩ። ልቤ ግን ቆሞ ቀረ። ሰባቱን እንዴት እንዳየኋቸው አላውቅም። አንድ ጊዜ ከፊቱ ያለችው መኪና ወደ ጎን ተጠማዘዘች፣ ጭሱ ሜዳውን ሸፈነው፣ ሰባት ቁጥር ጭሱ ውስጥ ገብታ ጠፋች። ዙሪያዬ ያሉት ሴቶች ኢየሱስ፣ ኢየሱስ ይላሉ። እኔ አንድ ቃል ብቻ ነበር በአፌ የሚመላለሰው፤ ራሴ ያስተማርኩት ያ ቃል። ከዚያ በጭሱ ማዶ ወጣች፤ ጎኗ ተፍቆ፣ ቀጥ ብላ፣ እንደ አሰብ መንገድ ከባድ መኪና መንገዷን ይዛ። አምስተኛ ሆኖ ጨረሰ።

ስወርድ አለቃው መስኮቷ ላይ ተደግፎ ይስቃል፤ ባለቤቴ ግን ከውስጥ አልወጣም። ሁለት እጁ መሪው ላይ ነው። አጎንብሼ ደህና ነህ አልኩት። ደህና ነኝ አለኝ። ውጣ እንጂ አልኩት።

"ትንሽ ቆዪ" አለ። "አንድ ጊዜ ነው የምገባባት።"

ወደ ቤት ስንመለስ አውራ ጎዳናው ላይ ከተፈቀደው በታች እየነዳ መኪና ሁሉ ጡሩምባ እየነፋ አለፈን።

በማግስቱ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ካስልሪጅ የሚባል ሰፈር አንድ ቤት ምሳ ተጠራን። የቤቱ እመቤት ሰው በማጉረስና ጨምሩ በማለት የታወቀች ናት፤ ሳትለምንህ አትለቅህም። ወጡን ይዛ ባለቤቴ ዘንድ ደረሰች። ጭልፋውን አንሥታ፣

"ልጨምርልህ?" አለችው።

"አዎ፣ ጨምሪልኝ" አለ።

ሴትየዋ ጭልፋዋን አየር ላይ እንደያዘች ቀረች። ሁለተኛውን ልመናና "በሞቴ"ን አዘጋጅታ ነበር፤ ሁለቱም አፏ ውስጥ ቀሩ። ጋሼ ሳህናቸውን አጎንብሰው ያያሉ። አሥራ ሁለት ዓመት አብሬው የኖርኩት ባለቤቴ፣ የዘረጋውን ሳህን ሳይመልስ፣ እንደገና፣

"ጨምሪልኝ" አላት።