የቅዳሜው የልብ ምት

መርዕድ ቀናተኛ ነው ብለው የሚያሙት ሰዎች አልተሳሳቱም። እሱ ግን "ጥንቁቅ ነኝ" ነው የሚለው። ቶሮንቶ ዳር ሬክስዴል በሚባል ሰፈር፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት፣ ዕቃ ማንሻውን መኪና፣ ሲነዳ ውሎ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ቤቱ ሲገባ፣ ዓይኑ መጀመሪያ የሚፈልገው የሚስቱን የብርቅዬን ጫማ ነው። ጫማው በሩ ሥር ካለ ነፍሱ መለስ ትላለች።

ብርቅዬ ከእሱ ሦስት ዓመት ቀድማ ቶሮንቶ የገባች፣ ሠርታ በስፖንሰር ያመጣችው ሴት ናት። ዘመድ ወዳጅ ሁሉ የሚያመሰግናት በዚህ ነው። እሱን ውስጥ ውስጡን የሚበላውም ይኸው ነው። እነዚያን ሦስት ዓመታት አያውቃቸውም። ከማን ጋር አውቶቡስ እንደጠበቀች፣ በረዶ ሲያዳልጣት ማን እጇን ይዞ እንዳነሳት አያውቅም። ጠይቋትም አያውቅም፤ መልሱን ይፈራል።

በፈረንጆቹ 2011፣ ቅጠል በሚረግፍበት ሰሞን፣ ሐኪሟ የብርቅዬን ደም ግፊት ለክታ አልወደደችውም። ልቧም ትንሽ ፈጠን ይላል አለች። አቴኖሎል የምትባል ትንሽ ነጭ ክኒን አዘዘችላትና ግፊቷንና የልብ ምቷን በየቀኑ ቤቷ እየለካች እንድትጽፍ ነገረቻት።

"መጻፉን ለእኔ ተዪው" አለ መርዕድ። የግፊት መለኪያ ማሽኑንም ደብተሩንም ተረከበ።

በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ብርቅዬ ሶፋው ላይ ተቀምጣ እጅጌዋን ትሰበስባለች። እሱ ጨርቁን ክንዷ ላይ ይጠመጥማል፣ ቁልፉን ይጫናል። ማሽኑ እስኪለካ መነጋገር ስለማይፈቀድ ሁለቱም ዝም ይላሉ። በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ብርቅዬ እንዲህ ሳትነሳ፣ ሳትቸኩል አጠገቡ ተቀምጣለት አታውቅም። እነዚያ ሁለት ደቂቃዎች የእሱ ብቻ ነበሩ።

መጀመሪያ ሰማንያ አራት የነበረው የልቧ ምት በሁለት ሳምንት ሃምሳ ስምንት ገባ።

"እኔ ስገባ እንኳ ትንሽ አይደነግጥም ይሄ ልብሽ?" አላት።

"ልቤ ክኒን ውጦ ተኝቷል፤ አትቀስቅሰው" ብላ ሳቀች።

እሱ ግን በክኒኗ ቀና።

ብርቅዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ጄን ኤንድ ፊንች አካባቢ ባለ አዳራሽ፣ እዚህ ለተወለዱ ልጆች አማርኛ ታስተምራለች። አብሯት የሚያስተምረው ሰይፉ የሚባል ሰው በመኪናው ይመልሳታል። ታዲያ አንድ ቅዳሜ ልቧ ሰማንያ ስድስት መታ። እሑድ ስልሳ ሆነ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰማንያ ዘጠኝ። በሦስተኛው ሰማንያ ሰባት። መርዕድ በቀይ እስክሪብቶ አሰመረበት።

"ዛሬም ሰይፉ ነው ያደረሰሽ?"

"አዎ። በዚህ ብርድ ማን አውቶቡስ ይጠብቃል?"

"ምን እያወራ መጣ?"

"ስለ መኪናው ማሞቂያ። ሁልጊዜ ስለ መኪናው ማሞቂያ ነው።"

ልብን ሰማንያ ሰባት የሚያደርስ የማሞቂያ ወሬ የት አለ? አራተኛው ቅዳሜ ዘጠና ሲሆን አልቻለም፤ ሰኞ ደብተሩን ጃኬቱ ውስጥ ሸጉጦ ወደ መድኃኒት ቤቱ ሄደ። ፋርማሲስቷ ፊርደውስ የምትባል ያገሩ ልጅ ናት።

"ጋሼ መርዕድ፣ እንዴት ነዎት? ክኒኑ አለቀ እንዴ?"

"አላለቀም ልጄ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ሰው ሌላ ሰው ሲያይ... ማለት ደስ ሲለው፣ ልቡ እንዲህ ይዘላል?" ደብተሩን ዘረጋላት።

ፊርደውስ ቀይ የተሰመረባቸውን ቅዳሜዎች በጣቷ ተከተለች። ፈገግታዋ ጠፋ።

"ይሄ ክኒን እኮ የልብን ሩጫ የሚይዝ ነው። በየሳምንቱ በአንድ ቀን ብቻ እንዲህ የሚፈጥን ከሆነ፣ ባለቤትዎ ቅዳሜ ቅዳሜ ስኪፕ እያደረጉት ይመስለኛል።"

"እ?"

"አይውጡትም ማለቴ ነው። ግፊታቸውንስ አላዩትም? ይኸው፣ መቶ ስልሳ አራት! እንዲህ ድንገት ሲቋረጥ አደጋ አለው ጋሼ። ዛሬውኑ ይንገሯቸው፤ ለሐኪማቸውም ይደውሉ።"

መርዕድ መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነው። ሰይፉ አይደለም! መንገድ ከተሻገረ በኋላ ነው ምን እንዳስደሰተው የገባው። መቶ ስልሳ አራትን በገዛ እጁ ጽፏል። አራት ቅዳሜ ሙሉ ግፊቷን ሲጽፍ፣ አንድም ቀን አላየውም።

ቤት ሲደርስ ጃኬቱን ሳያወልቅ ጠየቃት። ብርቅዬ አልካደችም።

"የዋጥኩት ቀን እግሬ እንደ እርሳስ ይከብዳል። ሃያ ልጅ ይጮህብኛል፣ እኔ ፈዝዤ አያቸዋለሁ። በሳምንት አንድ ቀን እንደ ሰው ልሁን ብዬ ነው።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንተስ ምቱን ካየህ ለምን አልጠየቅከኝም?"

"ፈርቼ።"

"ምን ፈርተህ?"

"ሰይፉን" አለ፣ ወለሉን እያየ።

ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ግን አቆመችው። ተነስታ ማሽኑን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች።

"በየቀኑ ክንዴን ይዘህ ዝም ስትል፣ ለእኔ አዝነህ መስሎኝ ነበር" አለችው።



ሐኪሟ መጠኑን ቀነሰችላት፤ እግሯም ቀለል አለ። አሁን ቅዳሜም ትውጣለች። ግን የምትለካው መኝታ ቤት ገብታ፣ በሩን ዘግታ፣ ብቻዋን ነው። ደብተሩንም ለፊርደውስ እንጂ ለእሱ አታሳይም። መርዕድ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ማሽኑ ሲነፋ በሩቅ ይሰማል። ከሰው ሁሉ ፊርደውስ ላይ ይቀናል ብሎ ማን ያስባል?

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልትወጣ ስትል፣ "እኔም አብሬሽ ልምጣ?" አላት።

"ልታስተምር ነው ወይስ እኔን ልታይ?"

መዋሸት ይችል ነበር። ግን፣ "አንቺን ላይ" አላት።

"እንግዲያው ቤትህ ቆይ።"

መርዕድ ያን ቅዳሜ ቤቱ ዋለ። ከማን ጋር እንደምትመለስ ለማየት መስኮቱ ጋ አልሄደም። መጋዘን ውስጥ እንኳ እንደዚያ ደክሞት አያውቅም።