የስፓኒሽ ግሥና የእናቴ አሚን

ከዱባይ ተመልሼ መካነ ሰላም በተቀመጥኩ በዓመቱ የድሮ አሠሪዬ ደወለችልኝ። ስፔናዊት ናት፤ አገሯ ያሉትን አሮጊት እናቷን የሚጦርላት ሰው ፈልጋ። «በስልክ በቋንቋቸው ካነጋገርሻቸው ቪዛውን እኔ እጨርሳለሁ» አለች። ሦስት ወር ሰጠችኝ። ለእናቴ ትንፍሽ አላልኩም። ስመለስ «ካሁን ወዲያ እኔን ቀብረሽ ነው የምትሄጂው» ብላኛለች።

ስፓኒሽ የሚያውቁት ኩባ የተማሩት ጎረቤታችን ብቻ ነበሩ፤ ግብርና ቢሮ ይሠራሉ። ከደብተሮቻቸው አይጥ የማረው አንዱን ነው፤ እሱም ከዳር እስከ ዳር «ብናገር ኖሮ»፣ «እንድናገር ፈልጎ ነበር» የሚባልበት የግሥ እርባታ።

«ጋሼ፣ ሰላምታውስ?» አልኳቸው።

«ሰላምታ ማንም ያስተምርሻል!» ቆጣ አሉ። «'ተናገሩ' አብላሮን ነው። 'ሮን'ን ጣዪና 'ራ' ቀጥዪ። ደንበኛ ግሥ ሁሉ በዚሁ ይሄዳል።»

እኔ በቃል መያዝ የማውቀው ቁርአን ቤት እንደለመድኩት ነው። ግቢያችን ቁጭ ብዬ፣ ወደ ፊት ወደ ኋላ እየተወዛወዝኩ፣ በዜማ አወርደዋለሁ፦ «አብላራ፣ አብላራስ፣ አብላራ፣ አብላራሞስ፣ አብላራይስ፣ አብላራን።» እናቴ ምስር እየለቀመች ትሰማለች። ስድስቱን ጨርሼ ስተነፍስ እጇን ዘርግታ «አሚን!» ትላለች። ዱዓ መስሏታል። ዐረብ አገር የኖረች ልጅ ሌላ ምን ልትል! ዝም አልኩ፤ ፈሪ ነበርኩ። ጉልበቷን ያመማት ጎረቤት «እስቲ ለኔም ዱዓ ቅሪልኝ» ብላ ስትመጣ ግን ራሴን አሞኛል ብዬ ጓዳ ገባሁ። እሱስ ነውር ነው።

ሦስት ወሩ ሲሞላ አሠሪዬ ከእናቷ ቤት ሆና ደወለች። እናቴ አጠገቤ ነበረች። አሮጊቷን፣ ብመጣ ምን እንድሠራላቸው እንደሚፈልጉ በዚያው እርባታ ጠየቅኳቸው።

«ኬ አብላራስ» አሉኝ። እንድታወሪኝ ማለታቸው ነው። ከደስታዬ ብዛት እኔም ጮክ ብዬ ደገምኩት፤ አሠሪዬም ስልኩን ተቀብላ «ተዘጋጂ» አለችኝ።

እናቴ ሰፌዱን አስቀመጠች። «ይኼ የምትቀሪው ዱዓ አይደል እንዴ? ለማን ነው በስልክ?»

ሁሉንም ነገርኳት።

«ሦስት ወር ሙሉ አሚን ስል የከረምኩት ለመሄድሽ ነው?»

«አዎ፣ እማ።»

ምስሯን መልሳ አነሳች። ብዙ ለቀመች።

«በይ ሂጂ። አሚን ካልኩ ወዲያ አልመልሰውም» አለች፣ ቀና ሳትል።

ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር።