ምርቃቱ እስኪያልቅ አትነቃነቁ

ይህን የምጽፈው የሆነውን ለማስረዳት ነው። ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ትርንጎ ከሞጣ ደወለችልኝ። አዲስ በሠሩት ቤት ሳሎን ውስጥ የሚሰቀል የሠርጓን ፎቶ አሳጥቤ እንድልክላት ፈልጋለች። «ከአባባ ጋር ያለሁበትን» አለችኝ፤ አያታችንን ማለቷ ነው። ይህን ፎቶ «ይታጠባል» እያልኩ ስንት ዓመት እንዳቆየሁት እሷም ታውቃለች። በስልክ ልገልጽላት ሞክሬ ተንተባተብኩ። በጽሑፍ ግን ሰው ጥፋቱን እንኳ በሥርዓት ያቀርባል።

ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ እስካገኝ ቢቸና እናቴ ቤት በተቀመጥኩበት ዓመት፣ አንድ ያገለገለ ዲጂታል ካሜራና ስለ ፎቶግራፍ የተጻፈ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ገዛሁ። መጽሐፉን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ደራሲው ፍላሽን አጥብቆ ይነቅፋል፤ የሰውን ፊት የተላጠ ድንች ያስመስላል ይላል። ብርሃን ባነሰበት ቦታ የካሜራው ዐይን ረዘም ላለ ጊዜ ተከፍቶ ይቆይ፣ የሚነሣውም አይንቀሳቀስ፤ ትእዛዙ ይህ ነበር። እኔም መስኮት ዘግቼ የእናቴን ጋን፣ መሶቧንና የተኛች ድመቷን አነሣሁ። ሁሉም እጅግ አማሩ። ከመካከላቸው ሙሽራ አለመኖሩን ግን ልብ አላልኩም።

በጥር ትርንጎ ለአንድ የሞጣ ልጅ ተዳረች። በአክስቴ ግቢ የተጣለው ዳስ ላዩ ሸራ፣ ጎኑ የባሕር ዛፍ ቅጠል ስለነበር በቀትር እንኳ ውስጡ ደንገዝገዝ ያለ ነው፤ መብራትም ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። የጌሾና የቅቤ ሽታ፣ የታመሰ አቧራ፣ የሚርገፈገፍ ትከሻ። የሚጨፍር ሰው በእኔ ካሜራ ውስጥ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ይህን ሳይ ተስፋዬን ሁሉ በጉልበት መሳሙ ላይ ጣልኩ። ሙሽሪት ጎንበስ ብላ የአያቷን ጉልበት ትስማለች፣ እሳቸው ይመርቃሉ። በዓለም ላይ ከዚህ የተረጋጋ ነገር ምን አለ?

ትርንጎም ከጠዋት ጀምራ ስትማጸነኝ ነበር። «አደራህን፣ ሌላው ቢቀር ቢቀር የአባባን! ሞጣ ይዤው የምሄደው ሌላ ምን አለኝ?» አባባ መሪጌታ ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ገፍቶ መንገድ አይችሉም፤ ከዚያ በፊትም ፎቶ ተነሥተው አያውቁም።

ካሜራውን በሁለት የቢራ ሣጥን ላይ አስደገፍኩና «በቃ እስክል ድረስ ከጉልበታቸው ቀና እንዳትዪ፤ አትነቃነቂ» አልኳት። እሺ አለች።

አባባ ጀመሩ። «እሾህ አይውጋሽ፣ እንቅፋት አይምታሽ፣ ከጎተራሽ አይጉደል...» ዳሱ በሙሉ «አሜን!» እያለ እጁን ያነሣል፤ የእሳቸውም መዳፍ፣ ጢምና ራስ አብሮ ይወዛወዛል። አንድ አነሣሁ፤ ጭስ። ደገምኩ፤ ጭስ። እስኪያቆሙ ልጠብቅ ብዬ ቆምኩ። እሳቸው ግን ጎተራውን ጨርሰው ወደ ከብቱ፣ ከከብቱ ወደ አማቶቿ፣ ከአማቶቿም ወደ ሞጣ ከተማ በጠቅላላው ተሻገሩ።

«አባባ፣ አይበቃም?» አልኩ በትሕትና።

«ምን ላድርግ ልጄ? እሷ ቀና ሳትል እንዴት ላቁም?»

«እሳቸው ሳይጨርሱ እንዴት ቀና ልበል?» አለች ትርንጎ ከጉልበታቸው ሥር፣ በታፈነ ድምፅ።

የሙሽራው ሚዜ ሰዓቱን አየ። «ኧረ ወንድሜ! ሙሽራ ልንወስድ መጣን እንጂ ሱባኤ ልንይዝ አልመጣንም!» ውጭ የአውቶቡሱ ጡሩምባ ይጮኻል።

«አባባ፣ ለአንድ አፍታ ዝም ይበሉልኝ» አልኩ።

አክስቴ ዘውዴ ደረቷን መታች። «ምን አልክ አንተ? ምርቃት ይቋረጣል? በልጄ ላይ?»

«ተዪው ዘውዴ፤ በልቤ እጨርሰዋለሁ» አሉ አባባ፤ ዐይናቸውንም ካሜራው ላይ ተክለው ዝም አሉ።

አሁን እንደማስበው፣ መጽሐፉ ስለ ብርሃን ያለው ሁሉ ትክክል ነበር፤ ስለ መሪጌታዎች ግን ምንም አላለም። አባባ ከቅኔ ቤት እስከ ዕድር ሲናገሩ እንጂ ዝም ሲሉ ታይተው አያውቁም። እኔ አዝራሩን ስጫን ዳሱ አንድ ጊዜ ጸጥ አለ፤ ወዲያው «ወይኔ አባባ! አባባ ሄዱ!» የሚል ጩኸት ተነሣ። አክስቴ ዘለለች፣ ትርንጎ በርግጋ ቀና አለች፣ ሚዜው ውኃ ሊያመጣ ሮጦ ከሙሽራው ጋር ተጋጨ።

«ምን ሆናችኋል?» አሉ አባባ፣ ከንፈራቸውን ብቻ እያንቀሳቀሱ። «ፎቶ እየተነሣሁ ነው እኮ!»

ሳቁ ሳይበርድ ሞጣዎች ሙሽራቸውን አፋፍሰው ሄዱ። ለድጋሚ ጊዜ አልነበረም። አባባም በሦስተኛው ዓመት ዐረፉ።

ፎቶው አሁን ፊቴ ነው። አባባ እያንዳንዱ የጢማቸው ጸጉር እስኪቆጠር ድረስ ጠርተው ወጥተዋል፤ ለመሳቅ የዳዳቸው ይመስላሉ። ጉልበታቸው ላይ አንድ ነጭ ጭረት አለ፤ ከታች ወደ ላይ የሚሄድ። ያ ጭረት፣ ትርንጎ፣ አንቺ ነሽ። ነገ ከዚህ ጽሑፍ ጋር በአውቶቡስ እልክልሻለሁ። ትሰቅዪው እንደሆነ አላውቅም።

በዚያ ቀን ጭስ ሆነው የጠፉ ፎቶዎች፣ መቶ ስልሳ ሦስት። በተረፈው በአንዱ ላይ የጠፉ ሰዎች፣ ሙሽሪትን ጨምሮ ዐሥራ አራት።